የኮምፒዩተር ቫይረስ ዓይነቶችና አገባባቸው

ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በጂንካ ከተማ የማርበርግ ቫይረስ በሽታ መገኘቱ ተረጋገጠ። በሽታው በሀገራችን ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነበር። የጤና ሠራተኞች ታማሚዎቹን ለይተው ከማከም ጎን ለጎን የሠሩት ትልቁ ሥራ መጠየቅ ነው። ታማሚው ከማን ጋር ነበር? ማን አስታመመው? ልብሱንስ ማን አጠበ? እነዚህ ጥያቄዎች ከቤት ወደ ቤት፣ ከሰው ወደ ሰው እየተከተሉ የበሽታውን መንገድ ያሳያሉ። የወረርሽኙ ማብቃት የተገለጠውም አዲስ ታማሚ ሳይገኝ 42 ቀን ከተቈጠረ በኋላ፣ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው።

የዚህ ጽሑፍ ርእስ የሆነው ቫይረስ ትኩሳትም ደምም የለውም፤ ሰውንም አያሳምምም። ስሙን ግን የተዋሰው ከበሽታው ቫይረስ ነው። እርሱን ለመረዳት የሚጠየቀው ጥያቄም ከዚያ እምብዛም አይለይም። ይህ ኮምፒዩተር ከምን ጋር ተነካካ? በውስጡስ ምን ተከፈተ?

ቫይረስ የሚለው ቃል የላቲን ሲሆን ጥንተ ትርጕሙ መርዝ ማለት ነው። ለኮምፒዩተር የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። በዚያ ዓመት ፍሬድ ኮኸን የተባለ አሜሪካዊ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ራሱን በራሱ የሚያባዛ ፕሮግራም ሠርቶ አሳየ፤ ስሙን ያወጣለት መምህሩ ሌናርድ አድልማን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ ሀገር ታሪክ ሲነሣ ዘመኑ የሚጠቀሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

በሰዋስው ትምህርታችሁ ትእዛዝ አንቀጽ የሚባለውን ተምራችኋል። «ሂድ»፣ «ጻፍ»፣ «አምጣ» የሚሉት ግሦች የዚህ አንቀጽ ምሳሌዎች ናቸው። የኮምፒዩተር ፕሮግራም በትእዛዝ አንቀጽ ብቻ የተጻፈ ድርሰት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። «ይህን ቊጥር አንብብ፤ ከዚያኛው ጋር ደምር፤ ውጤቱን ጻፍ» እያለ በተርታ ይቀጥላል። ኮምፒዩተርም ከላይ ወደ ታች እየወረደ የታዘዘውን ይፈጽማል። እንግዲህ ቫይረስ ከዚህ የተለየ ረቂቅ ነገር አይደለም። እርሱም የትእዛዝ ክምችት ነው፤ ልዩ የሚያደርገው ከትእዛዞቹ አንዱ «ራስህን ቅዳና በሌላ ቦታ ጻፍ» የሚል መሆኑ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው ጊዜ መጠበቅ ሲሆን ሁለተኛው ጊዜው ሲደርስ የሚፈጸም ተግባር ነው። ተግባሩ ቀልድ ሊሆን ይችላል፤ ስርቆት ወይም ጥፋትም ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ ንጽጽሩ የሚያበቃበትን ቦታ ልብ በሉ። የማርበርግን ቫይረስ ማንም አልጻፈውም። የኮምፒዩተርን ቫይረስ ግን አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አስቦና ፈትኖ ጽፎታል። ስለዚህ ስለ ቫይረሱ ስንጠይቅ ስለ ጸሐፊው ሐሳብም መጠየቃችን አይቀርም። ጸሐፊው አንባቢውን፣ ማለትም እናንተን፣ ምን እንዲያደርግ አስቦ ነበር?

ከቀደሙት ጸሐፊዎች አንዱ በዕድሜም በክፍልም የእናንተ እኩያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ የፔንስልቬኒያ ግዛት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የነበረው ሪቻርድ ስክሬንታ ኤልክ ክሎነር የተባለውን ቫይረስ ጻፈ። በዚያን ጊዜ የአፕል ኮምፒዩተሮች ሥራ የሚጀምሩት ከተለዋጭ ዲስክ ላይ እያነበቡ ነበር። ልጁ ትእዛዙን ያስቀመጠው ኮምፒዩተሩ ሲበራ በሚያነበው የዲስኩ ክፍል ላይ ነው። ኮምፒዩተሩ በዚያ ዲስክ ከተነሣ ቫይረሱ በማስታወሻው ውስጥ ይቀመጥና ቀጥሎ በሚገባው ንጹሕ ዲስክ ላይ ራሱን ይገለብጣል። ዲስኩ ለሃምሳኛ ጊዜ ሲነሣ በመስኮቱ ላይ አጭር ግጥም ይወጣል። ጓደኞቹን ለማስደነቅ የተደረገ ጨዋታ ነበር። በ1986 ደግሞ በፓኪስታን የላሆር ከተማ ሁለት ወንድማማቾች፣ ባሲትና አምጃድ ፋሩቅ አልቪ፣ ብሬን የተባለውን ቫይረስ በተመሳሳይ ዘዴ አሰራጩ። የጻፉትን ፕሮግራም ሰዎች ሳይከፍሉ እየገለበጡ ስላስቸገሯቸው ያደረጉት መሆኑን ተናግረዋል፤ በቫይረሱ ውስጥም ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና የስልክ ቊጥራቸውን ጽፈውበት ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ ግልጽ ጸሐፊ አይገኝም።

እነዚህ ሁለቱ የመነሻ ክፍል ቫይረስ ከሚባለው ወገን ናቸው። ኮምፒዩተር ሲበራ ከሁሉ በፊት የሚያነበው አንድ ጠባብ ቦታ አለ፤ ቫይረሱ ያንን ቦታ ይይዛል። የቤቱ ባለቤት ከመንቃቱ በፊት ደጁን የያዘ ሌባ ማለት ነው። ሁለተኛው ወገን የፋይል ቫይረስ ሲሆን በሌላ ፕሮግራም ውስጥ ይሸጎጣል። ሰውየው የሚያውቀውን ፕሮግራም ሲከፍት ሳያውቅ የተሸጎጠውንም ይከፍታል። በታይዋን ተማሪ የተጻፈውና በ1998 የተሰራጨው ሲአይኤች የዚህ ዓይነት ነበር። ሚያዝያ ወር በአውሮፓውያን 26ኛው ቀን እስኪደርስ ድምፁን አጥፍቶ ይጠብቃል፤ በዚያ ቀን የዲስኩን መነሻ ይደመስሳል፤ በአንዳንድ ኮምፒዩተሮችም ላይ ማሽኑን የሚያስነሣውን መሠረታዊ ፕሮግራም ሳይቀር ያበላሻል።

ሦስተኛው ወገን ለእኛ ለድርሰት ሰዎች ይበልጥ ያሳስባል፤ መኖሪያው ደብዳቤና ድርሰት ነውና። በኮምፒዩተር የሚጻፍ ሰነድ ከፊደሉ በተጨማሪ ማክሮ የሚባሉ ትናንሽ ትእዛዞችን ሊይዝ ይችላል። ትእዛዞቹ የተፈለጉት ሥራን ለማቅለል ነበር። ይሁን እንጂ በመጋቢት 1999 የወጣው ሜሊሳ የተባለ ቫይረስ በዚህ በር ገባ። ሰነዱ ሲከፈት በሰውየው የአድራሻ መዝገብ ላይ ላሉት የመጀመሪያ ሃምሳ ሰዎች ራሱን ይልካል። ተቀባዮቹ ደብዳቤው ከሚያውቁት ሰው ስለ መጣላቸው ይከፍቱታል። ዛሬም አንድ ሰነድ ሲከፈት «ማክሮ ይፈቀድ?» የሚል ጥያቄ ካወጣ፣ እናንተም ማክሮ ያለበት ሰነድ ካልጠበቃችሁ፣ መልሱ አይፈቀድም ነው።

እስካሁን የተጠቀሱት ሁሉ የሰው እጅ ይፈልጋሉ። ዲስክ የሚያስገባ፣ ፕሮግራም የሚከፍት፣ ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ከሌለ አይንቀሳቀሱም። ትል የሚባለው ግን ኮምፒዩተሮች በተያያዙበት መረብ ላይ የቆመ በር ፈልጎ በራሱ ይሳባል። በኅዳር 1988 ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለቀቀው ትል በዚያን ጊዜ በኢንተርኔት ላይ ከነበሩት 60,000 ያህል ኮምፒዩተሮች 6,000 የሚሆኑትን እንደ ያዘ ተገምቷል። ትሉ የተጻፈው አንዳች ነገር እንዲያጠፋ አልነበረም። ጥፋቱ የመጣው ከአባዢው ትእዛዝ ነው። አንድ ኮምፒዩተር «እኔ ጋ አስቀድመህ ገብተሃል» ቢለውም ከሰባት ጊዜ አንዱን እንዲገባ ታዝዞ ስለነበረ በአንዱ ማሽን ላይ ብዙ ቅጂዎች ተደራርበው ሥራውን አቆሙት። በግንቦት 2017 የተነሣው ዋናክራይ ግን አጥፊነቱ የታሰበበት ነበር። ፋይሎችን በምስጢር ቊልፍ ዘግቶ 300 ዶላር በቢትኮይን እንዲከፈለው ይጠይቅ ነበር፤ በ150 ያህል ሀገሮች ኮምፒዩተሮችን ያዘ፤ በብሪታንያ ሆስፒታሎች የበሽተኞችን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። የሚያሳዝነው ነገር ትሉ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚደፍን ማሻሻያ ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር በፊት ማውጣቱ ነው። የተጠቁት ማሻሻያውን ያልጫኑት ናቸው። ያለ ፈቃድ የተገለበጠ ዊንዶውስ የጫነ ሰው ማሻሻያው እንዳይነቃበት ብሎ ሲዘጋው ይህንኑ ቀዳዳ ክፍት ይተወዋል።

ወደ ጂንካ እንመለስ። «በእኛ ከተማ ኢንተርኔት ይቋረጣል፤ ትምህርት ቤታችን ያሉት ኮምፒዩተሮችም ከመረብ አልተያያዙም፤ ታዲያ ቫይረስ ከየት ይመጣብናል?» የሚል ተማሪ ይኖር ይሆናል። መልሱ በኪሱ ውስጥ ነው። በደቡብ ኦሞ ገበያ በየቀኑ በአንድ ቦታ አይቆምም። ሰኞ ቱርሚ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ጂንካ ይቆማል። ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው የሚዞር ነጋዴ ቡናውንና ጨርቁን ብቻ አይደለም ይዞ የሚዞረው፤ ወሬውንም ጉንፋኑንም ይዞ ይዞራል። ፍላሽም እንደዚህ ነጋዴ ነው።

አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ድርሰቷን በኮምፒዩተር ጽፋ በፍላሽ ያዘች እንበል። ማተሚያ በቤቷም በትምህርት ቤቷም ስለሌለ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሄዳለች። በዚያ ቤት በዕለቱ የሥራ ማመልከቻ የሚያስጽፈው፣ የሠርግ ጥሪ የሚያሳትመው፣ የዩኒቨርሲቲ ጥናቱን የሚያስጠርዘው ሁሉ ፍላሹን በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ሰክቷል። ከእነርሱ የአንዱ ፍላሽ የተያዘ ከሆነ ኮምፒዩተሩ ይያዛል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰካ ፍላሽ ሁሉ ቅጂውን ተቀብሎ ይወጣል። ልጅቱ ወደ ቤቷ ተመልሳ ፍላሿን ስትከፍት ፎልደሮቿ በየቦታቸው ያሉ ይመስላሉ፤ ነገር ግን በእያንዳንዳቸው ጥግ ላይ ትንሽ የታጠፈ ቀስት አለች። ሕዝቡ «ሾርትከት ቫይረስ» የሚለው ይኸው ነው።

የቀስቷን ምስጢር በሚገባ መረዳት ይጠቅማል። ቫይረሱ እውነተኞቹን ፎልደሮች አላጠፋቸውም፤ ደብቋቸዋል። በቦታቸውም ስማቸውን የያዙ ሐሰተኛ መጥሪያዎችን ተክቷል። ተማሪዋ «ድርሰት» የሚለውን ስትጫን ሁለት ትእዛዞች በአንድ ጊዜ ይፈጸማሉ። በመጀመሪያ ቫይረሱ ይነሣል፤ ወዲያው ደግሞ የተደበቀው እውነተኛ ፎልደር ይከፈታል። ድርሰቷን ስላገኘች ምንም ነገር እንደ ተፈጸመ አትጠረጥርም። የተሳካ ማታለል ሁሉ እንዲህ ነው፤ የፈለግኸውን ይሰጥሃል። ቀድሞ ይህን ያህል እንኳ መድከም አያስፈልግም ነበር፤ ዊንዶውስ ፍላሽ ሲሰካ በላዩ የተጻፈውን ትእዛዝ ሳይጠየቅ የመፈጸም ልማድ ነበረው። በ2008 የወጣው ኮንፊከር የተባለ ትል ከተጠቀመባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነበር። ማይክሮሶፍት ይህን ልማድ በ2009 በዊንዶውስ 7 ላይ፣ በ2011 ደግሞ በቀድሞዎቹ ላይ ለፍላሽ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ቫይረሱ ያለ እኛ ጣት መነሣት ስለ ከበደው ቀስቷን ፈጠረ።

ከመረብ መራቅ ብቻውን መከላከያ አለመሆኑን ለማወቅ ከዚህ የከበደ ምሳሌም አለ። በ2010 የታወቀው ስታክስኔት የደረሰው ኢራን በናታንዝ ዩራኒየም በምታበለጽግበት፣ ሆን ተብሎ ከኢንተርኔት በተለየ ተቋም ውስጥ ነው። ትሉ በፍላሽ የመዛመት ችሎታ ተሰጥቶት ነበር።

ለተማሪ የሚያሳስበው ግን ናታንዝ ሳይሆን ብቸኛ ቅጂ ነው። በደብተር የተጻፈ ድርሰት ደብተሩ ካልጠፋ አለ። በፍላሽ ብቻ ያለ ድርሰት፣ ማመልከቻ ወይም የትምህርት ማስረጃ ግን በአንድ መጥፎ ከሰዓት በኋላ ሊታጣ ይችላል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ከ2016 ዓ.ም. አንሥቶ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ስለ ጀመረ ከዚህ ማሽን ጋር ያላችሁ ጉዳይ እየሰፋ እንጂ እየጠበበ አይሄድም።

አራተኛው ወገን በትክክል ሲነገር ቫይረስ አይባልም፤ ራሱን አያባዛምና። ስሙን ያገኘው ከግሪኮች ጥንታዊ ተረት ነው። የትሮይን ከተማ ከብበው መግባት ያቃታቸው ወታደሮች በአንድ ትልቅ የእንጨት ፈረስ ሆድ ውስጥ ተደበቁ፤ የከተማይቱ ሰዎችም ፈረሱን እንደ ስጦታ ቈጥረው በእጃቸው ጐትተው አስገቡት። የትሮይ ፈረስ የሚባለው ፕሮግራምም ጠቃሚ መስሎ የሚገባ ነው።

ከሀገራችን ጋር የተያያዘውና በሰነድ በሚገባ የተመዘገበው ጉዳይ ይህን ወገን የሚመለከት ነው። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም በ2006 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ የኢሳት ቴሌቪዥን ባልደረቦች በስካይፕ በኩል ሰነድ የሚመስል ፋይል እንደ ተላከላቸው፣ በውስጡም ሰላይ ፕሮግራም እንደ ነበረበት ገለጠ። ይኸው ተቋም በ2010 ዓ.ም. ሌላ ዘገባ አወጣ። በውጭ ሀገር የሚኖሩ የኦሮሞ የፖለቲካ ሰዎችና ሌሎችም፣ ከእነርሱም መካከል በዚያን ጊዜ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ኃላፊ የነበረው ጃዋር መሐመድ፣ ስለ ሀገራቸው የሚናገር ቪዲዮ የሚያሳይ መጠቈሚያ በኢሜይል ደረሳቸው። መጠቈሚያውን ሲጫኑ «ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ፕለየር የተባለውን ፕሮግራም አድሱ» የሚል ማስታወቂያ ይወጣል። ማደሻው ግን ሰላዩን በሆዱ ይዞ ነበር። ተቋሙ ድርጊቱን ከኢትዮጵያ መንግሥት አካላት ጋር አያይዞታል። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው የማጥመጃው አመራረጥ ነው። የተላከው የማይታወቅ ሰው ሥዕል ወይም የሎተሪ ዕድል አይደለም፤ ተቀባዩ ሊያየው የሚጓጓለት የሀገሩ ወሬ ነው። ጸሐፊው አንባቢውን አጥንቶታል። በነገራችን ላይ፣ ፍላሽ ፕለየር የተባለው ፕሮግራም ከ2020 መጨረሻ ወዲህ በአምራቹ ስለ ተቋረጠ ዛሬ «አድሱት» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ሐሰት ነው።

በእጅ ስልክም የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ፈረሱ ነው። በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ፣ ከታወቀው የመተግበሪያ መደብር ውጭ የሆነ፣ ሲጫንም መልእክቶችን ለማንበብ ፈቃድ የሚጠይቅ የጨዋታ ወይም የሽልማት መተግበሪያ ምን እንደሚያነብ ይገመታል። ባንክ የሚልከው የምስጢር ቊጥር የሚደርሰው በአጭር መልእክት ነው።

ጸረ ቫይረስ የሚባለው ፕሮግራም ስለ ምን ሁሉንም አያስቀርም? በ2005 ዓ.ም. በደቡብ ኦሞ ቢጫ ወባ በተገኘ ጊዜ ከ527,000 በላይ ሰዎችን ለመከተብ ዘመቻ ተከፍቶ ነበር። ያ ክትባት ለቢጫ ወባ ጽኑ መከላከያ ነው፤ ለማርበርግ ግን አንዳች አይጠቅምም፤ ሰውነት የተማረው የአንዱን መልክ ብቻ ነውና። ጸረ ቫይረስም በዋናነት የሚሠራው የታወቁ ቫይረሶችን መለያ በመዝገብ ይዞ እያመሳከረ ነው። በመዝገቡ ያልሰፈረውን አጠራጣሪ አድራጎት አይቶ ሊይዘው ይሞክራል፤ ሆኖም የሚያመልጠው አለ። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በፊት ተጭኖ አንድ ቀን ያልታደሰ ጸረ ቫይረስ የሁለት ዓመት አሮጌ ዝርዝር የያዘ ዘበኛ ነው። ኢንተርኔት በተገኘ ቀን ከፊልሙ በፊት እርሱን ማደስ ይሻላል።

በሀገራችን ጎጂ ፕሮግራም እያወቁ ማሰራጨት በኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቊጥር 958/2008 ያስቀጣል። በ2000 ዓለምን ያዳረሰው የፍቅር ደብዳቤ መሳይ ትል ጸሐፊ በፊሊፒንስ ሳይቀጣ የቀረው እንዲህ ያለ ሕግ በዚያን ጊዜ ስላልነበረ ነው።

አሁን ቀስት ያደረገ ፍላሽ በእጃችሁ ገብቷል እንበል። ማንኛውንም ፎልደር አትጫኑ። «ጠፍቷል፤ ፎርማት ይደረግ» የሚላችሁንም ሰው አቈዩት፤ ፎርማት ማድረግ የተደበቀውን ድርሰት አብሮ ይጠርጋል። ፍላሹን በታደሰ ጸረ ቫይረስ ካስፈተሻችሁ በኋላ በዊንዶውስ የፎልደር ማስተካከያ ውስጥ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ምልክት አድርጉ፤ የሥርዓቱን ፋይሎች ደብቅ የሚለውንም ምልክት አንሡ። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፤ ቫይረሱም የሚደብቃቸው አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ነው። ፎልደሮቻችሁ ፈዘዝ ብለው ይታያሉ። የራሳችሁን ጽሑፎች ብቻ መርጣችሁ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ ቀስት ያለባቸውንና ስማቸውን የማታውቋቸውን ፋይሎች ተዉ። ፍላሹ ፎርማት የሚደረገው ከዚህ በኋላ ነው። ፎርማት የሚደረግበት ኮምፒዩተር ራሱ ካልጸዳ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ሲሰካ ቀስቶቹ ተመልሰው ይወጣሉ።